ለእናቶች ተገብቷል የተባለው ቃል

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስቲቭ ጆብስ ወላጅ እናቱን ፍለጋ መርማሪ ቀጥሮ ነበር። መርማሪው ባዶ እጁን ተመለሰ። ጆብስ በ1955 ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ የጉዲፈቻ ልጆችን የመጀመሪያ የልደት ወረቀት ማሸግ የጀመረችው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1935 ነው። በእጁ ያለው ሰርተፊኬት አሳዳጊዎቹን እንደ ወለዱት አድርጎ ይጠራቸዋል። ከወረቀቱ ላይ ለፍለጋ የሚሆን ስም ቢገኝ የሐኪሙ ስም ብቻ ነበር። ጆብስ ደወለለት። ሐኪሙም መዝገቦቹ በእሳት እንደተቃጠሉ ነገረው። ውሸቱን ነበር። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፣ በፖስታ አሸገው፣ እሱ ሲሞት ለስቲቭ ጆብስ ይድረስ ብሎም ጻፈበት። ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ሚስቱ ደብዳቤውን ላከች። ጆብስ እናቱ ሲወለድ ያላገባች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደነበረች ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዋልተር አይዛክሰን በ2011 ባሳተመው የጆብስ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይተርከዋል።

ያን ሁሉ ገንዘብ የያዘ ሰው የራሱን ታሪክ ያገኘው በሕግ አይደለም፤ በአንድ ሟች ውለታ ነው።

ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ "የማን ልጅ ነህ?" መባባል በተለመደበት፣ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር ላደገ ሰው ነገሩ ግር ማለቱ አይቀርም። ግብር የሚከፍል፣ ድምፅ የሚሰጥ፣ ወታደር ሆኖ ሊሞት የሚችል አዋቂ ሰው የገዛ ልደቱ የተመዘገበበትን ወረቀት ለማየት ሲጠይቅ መንግሥት "ላንተ አይፈቀድም" ይለዋል። ጎረቤቱ ግን የራሱን ወረቀት ጥቂት ዶላር ከፍሎ ይወስዳል። ልዩነታቸው አንዱ በጉዲፈቻ ማደጉ ብቻ ነው።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ በየምክር ቤቱ ለሃምሳ ዓመት የተሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ "ለወላጅ እናት ምስጢሯ እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶላታል።" መልሱ ያማረ ነው። ደካማዋን ወገን የሚከላከል ይመስላል። ችግሩ ታሪኩ እንደዚያ አለመሆኑ ነው።

በአሜሪካ ዘመናዊ የጉዲፈቻ ሕግ ያወጣችው የመጀመሪያዋ ግዛት ማሳቹሴትስ ናት፣ በ1851። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጉዲፈቻ መዝገብ እንደማንኛውም የፍርድ ቤት መዝገብ ክፍት ነበር፤ ማንም ገብቶ ሊያነበው ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በልደት ወረቀቱ ላይ "ሕጋዊ ያልሆነ" ተብሎ ይጻፍበት ነበር። በአማርኛ በአንድ ቃል ዲቃላ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሲመዘገብም ሥራ ሲቀጠርም ያው ወረቀት ይቀርባል።

ሚኒሶታ በ1917 ያወጣችው ሕግ ይህን ለማስቀረት ነበር። የጉዲፈቻ መዝገብ ለሕዝብ እንዳይታይ ዘጋችው። የተዘጋው ለማን እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ለወሬኛ ጎረቤት፣ ለጋዜጣ፣ አሳዳጊዎችን ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ አወራለሁ ብሎ ለሚያስፈራራ ሰው ነው። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖች፣ ማለትም ልጁ፣ ወላጆቹና አሳዳጊዎቹ፣ መዝገቡን ማየት ይችሉ ነበር። መቆለፊያው የተሠራው ውጭ ላለ ሰው ነው፤ የቤቱ ሰዎች ቁልፍ ነበራቸው።

በ1930ዎቹ ደግሞ የልደት መዝገብ ሹማምንት አዲስ መላ አመጡ። ጉዲፈቻው ሲጸድቅ የመጀመሪያው ወረቀት በፖስታ ይታሸግ፣ በምትኩ አሳዳጊዎቹ እንደ ወላጅ የተጻፉበት አዲስ ወረቀት ይውጣ። ያ "ዲቃላ" የሚለው ማህተም ከልጁ ላይ እንዲነሳ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁሉም ግዛቶች ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይህን አሠራር ተቀብለው ነበር። ያኔም ቢሆን ሐሳቡ ልጁ ሲያድግ የታሸገውን መጠየቅ ይችላል የሚል ነው። በ1949 የፌዴራሉ መንግሥት የሕጻናት ቢሮ ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ማንነቱን የማወቅ መብት እንዳለው ገልጾ የመጀመሪያው ወረቀት እንዲሰጠው መክሯል። በ1960 እንኳ ሃያ ገደማ ግዛቶች አዋቂ የጉዲፈቻ ልጅ ሲጠይቅ ወረቀቱን ይሰጡ ነበር። ካንሳስና አላስካ እስከዛሬ ዘግተውት አያውቁም። ሰማይም አልወደቀባቸው።

ታዲያ ማን ዘጋው? መልሱ አንድ ሰው ወይም አንድ ሕግ አይደለም፤ ግን ከሁሉም ይልቅ ነገሩን ወለል አድርጎ የሚያሳየው የሜምፊስ ታሪክ ነው።

ጆርጂያ ታን ከ1924 እስከ 1950 ድረስ ቴነሲ ውስጥ በሜምፊስ ከተማ የሕጻናት ማሳደጊያ ትመራ ነበር። ውጪውን ላየው የተከበረች ባለ ምግባር ሴት ናት። ውስጡ ገበያ ነበር። ድሃ እናቶች በሰመመን ላይ እያሉ የማያውቁትን ወረቀት ይፈርማሉ። ሌሎቹ ልጅሽ ሞቷል ይባላሉ። ከቤት ደጃፍ ሲጫወቱ ተጭነው የተወሰዱ ልጆች አሉ። ካሚል ኬሊ የምትባል የከተማው ዳኛ በድህነት ምክንያት ልጅ ከእናቱ እየነጠቀች ለታን ታስረክብ ነበር። ከተማዋን በጡንቻው የያዘው ፖለቲከኛ ኤድዋርድ ክረምፕ ከጀርባ ቆሟል። ልጆቹ በከፍተኛ ክፍያ ወደ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ይሄዱ ነበር፤ ከወሳጆቹ መካከል የሆሊውድ ተዋናይት ጆን ክራውፎርድ ትገኝበታለች። በእሷ እጅ ያለፉት ልጆች ብዛት 5,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

ታን ለእያንዳንዱ ልጅ የፈጠራ የዘር ሐረግ ትጽፍ ነበር። ገዢው የተማረ ሰው ልጅ ከፈለገ የተማረ አባት ይጻፍለታል። አይሁዳዊ ቤተሰብ ከመጣ ልጁ አይሁዳዊ ይሆናል። እንግዲህ እንዲህ ላለች ሴት የታሸገ መዝገብ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። ልጁ አድጎ ፋይሉን ቢከፍት የሚያገኘው የእናቱን ኃጢአት አይደለም፤ የሻጭዋን ወንጀል ነው።

በመስከረም 1950 የግዛቱ ገዢ ጎርደን ብራውኒንግ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ታን በሦስተኛው ቀን በካንሰር ሞተች። ሳትከሰስ። አብዛኞቹ ልጆች ወደ እናቶቻቸው አልተመለሱም። ቴነሲ በ1951 ምን አደረገች? የጉዲፈቻ መዝገብን ለሁሉም የሚዘጋ ሕግ አወጣች። ልጃቸው የተሰረቀባቸው እናቶችና የተሰረቁት ልጆች በአንድ ቁልፍ ተቆለፈባቸው። የታን ልጆች ፋይላቸውን ለማየት የቻሉት በ1995 ነው፤ ያኔ እናቶቹ አብዛኞቹ ወይ ሞተዋል ወይ በጣም አርጅተዋል።

ቴነሲ የጠርዝ ምሳሌ ናት፣ ሁሉም ማሳደጊያ ሌባ አልነበረም። ሌላ ቦታ መዝገቡ የተዘጋው በቀናነትም ጭምር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጅ የሚፈልግ መካከለኛ መደብ በዛ። ያላገባች ነፍሰ ጡር ደግሞ ቤተሰቧን ታሳፍራለች። ልጅቷ "አክስቷ ጋ ሄዳለች" ተብሎ ወደ ሌላ ከተማ ወደ እናቶች ማቆያ ትላካለች፤ ወልዳ፣ ፈርማ፣ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ከ1945 እስከ 1973 ድረስ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ ሴቶች ልጆቻቸውን እንዲህ አሳልፈው እንደሰጡ ይገመታል። አን ፌስለር በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ ከመቶ በላይ የሚሆኑትን አነጋግራለች። ራሷ ፌስለር በጉዲፈቻ ያደገች ናት።

የማኅበራዊ ሠራተኞቹ እምነት አሳዳጊ ቤተሰብ "እውነተኛ" ቤተሰብ እንዲመስል ሌላ እናት ጨርሶ መኖር የለባትም የሚል ነበር። አሳዳጊዎቹም እናቲቱ አንድ ቀን በር ታንኳኳለች ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ግዛቶቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ ልጁም እንዳያይ ዘጉት። ኦሃዮ በ1964፣ ፔንሲልቬንያ በ1984፣ አላባማ ሳይቀር በ1991። የሚጠበቀው የአሳዳጊው ቤት ሰላም ነበር። እናቲቱ የምትጠቀሰው እንደ ስጋት ነው፤ ባለ መብት ሆና የመጣችው በኋላ ነው።

ይህን የሚያረጋግጥ ነገር በራሱ በአሠራሩ ውስጥ አለ። ወረቀቱ የሚታሸገው እናቲቱ ልጇን ለመስጠት በፈረመች ቀን አይደለም። የሚታሸገው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ባጸደቀ ቀን ነው። ልጁን የሚወስደው ካልተገኘና በማሳደጊያ ካደገ የእናቱ ስም ያለበት ወረቀት እንደተከፈተ ይኖራል። ቃሉ ለእናት የተገባ ቢሆን ኖሮ አሳዳጊ ተገኘም አልተገኘም ይሠራ ነበር። የሕግ ምሁሯ ኤልዛቤት ሳሙኤልስ ከ1930ዎቹ እስከ 1990 ድረስ እናቶች የፈረሙባቸውን ሰነዶች ሰብስባ መርምራለች። ስምሽ ከልጅሽ ይደበቅልሻል የሚል አላገኘችም። ይልቁንም በአንዳንዶቹ ላይ ቃል የምትገባው እናቲቱ ናት፤ ልጄን አልፈልግም፣ በቤተሰቡ ጣልቃ አልገባም ብላ። ቃል የተገባላት የተባለችው ሴት ቃል አስገቢዎች ነበሩባት።

የመጀመሪያውን ጩኸት ያሰማችው ጂን ፓተን ናት። ራሷ በጉዲፈቻ ያደገች ማኅበራዊ ሠራተኛ ስትሆን በ1954 አዋቂ የጉዲፈቻ ልጆች ስለራሳቸው የተናገሩትን በመጽሐፍ አሳተመች። እስከዚያ ድረስ የጉዲፈቻ ልጅ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ሁልጊዜ ሕጻን ነበር፤ ያድጋል፣ ይጠይቃል ብሎ ያሰበ የለም። ሰሚ ያገኘችው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፍሎረንስ ፊሸር በ1971 ኒው ዮርክ ውስጥ የጉዲፈቻ ልጆች የነጻነት ንቅናቄን አቋቋመች። የእንግሊዝኛ ምህጻሩ አልማ ነው፤ ከባሕር ዳሩ አልማ ጋር አይገናኝም። ማኅበሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ያቀረበው ክርክር ደፋር ነበር። ባርነትን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጠቀሰ፤ ልጅን ከወላጁ ቆርጦ ዘሩን እንዳያውቅ ማድረግ ከባርነት ምልክቶች አንዱ ነው አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1979 አልተቀበለውም። ክርክሩ በሕግ ይረታ አይረታ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ባርነት ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ አገር የተመረጠ ንጽጽር መሆኑን መካድ አይቻልም።

እናቶቹስ? በ1976 ማሳቹሴትስ ውስጥ ልጆቻቸውን የሰጡ እናቶች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የተናገሩት ቢጠቃለል "ማንም ምስጢር አልሰጠንም፣ እኛም አልጠየቅንም፣ የተሰጠን እፍረት ነው" የሚል ነበር። የሚገርመው "ለእናቶች የተገባው ቃል" የሚለው ክርክር ጎልቶ የወጣው በዚሁ ጊዜ ገደማ ነው። በ1980 የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶች ባረቀቀው ሞዴል ሕግ መዝገቦቹ ለአዋቂዎች እንዲከፈቱ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት የጉዲፈቻ ድርጅቶች ብሔራዊ ምክር ቤት መሥርተው ተቃወሙ። ረቂቁ ሲጸድቅ የመክፈቻው አንቀጽ ወጥቶ ነበር። በእናቶች ስም የተናገሩት ከእናቶቹ ልጅ የተረከቡት ድርጅቶች ናቸው።

እርግጥ ነው፣ በጭንቀት የኖሩ እናቶች አሉ። ለባላቸው ያልነገሩ፣ ለኋለኞቹ ልጆቻቸው ያልነገሩ። ኦሪገን በ1998 በሕዝበ ውሳኔ መዝገቡ ይከፈት ሲባል ስማቸውን ያልገለጹ ጥቂት እናቶች ከስሰው ሕጉን እስከ 2000 አዘገዩት። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር፣ ሊቃለልም አይገባም። በሌላ ወገን ደግሞ ሌሎች ወላጅ እናቶች ሕጉን ደግፈው ስማቸውን በጋዜጣ አወጡ። መራጩ 57 በመቶ ሆኖ አጸደቀው። ኦሪገን ያገኘችው መላ ቀላል ነው። እናቲቱ ቅጽ ትሞላለች፤ ልጄ ቢያገኘኝ ደስ ይለኛል፣ ወይም በሦስተኛ ሰው በኩል ይሁን፣ ወይም አታግኙኝ። ወረቀቱ ግን ለልጁ ይሰጣል። "አታግኙኝ" ያሉት ወረቀታቸውን ከጠየቁት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ሆኑ። እንግሊዝና ዌልስ ይህን መብት በ1975 ሰጥተዋል፤ ስኮትላንድማ ከ1930 ጀምሮ። ኒው ዮርክ በጥር 2020 ከፈተች። ካሊፎርኒያ ግን ዛሬም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ትጠይቃለች።

በመካከሉ ምራቅ ሕጉን ቀደመው። በፖስታ በሚላክ የዘር ምርመራ አንድ ሰው የአጎቱን ልጅ በሳምንታት ውስጥ ያገኛል። መዝገቡ ተቆልፎ ምስጢሩ ወጥቷል፤ ያውም በከፋ መንገድ። እናቲቱ ብቻ በምታየው ቅጽ ፋንታ ዜናው በእህቷ ልጅ ስልክ በኩል ይደርሳታል።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ከ1999 እስከ 2018 ድረስ ግን ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕጻናት በጉዲፈቻ አሜሪካ ገብተዋል፤ በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ። ወደ አውሮፓ የሄዱት ሌላ ናቸው። የኢትዮጵያ ሚኒስቴር በመጋቢት 2011 በቀን የሚያስተናግደውን ጉዳይ ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በጥር 2018 ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን አገደ።

የኢትዮጵያ ሕግ ከአሜሪካው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ምርጫ ግድ ሲሆን ብቻ ነው አሳዳጊው ቤተሰብ የሚቀድመው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕጻን ወላጆቹን የማወቅ መብት አለው ይላል። ጉዲፈቻ የሚለው የኦሮምኛ ቃል ራሱ የማሳደግ ነገር ነው፤ የመቁረጥ ትርጉም የለውም። ስለዚህ "ተምሮ ይመለሳል፣ ይጠይቀኛል" ብላ የፈረመች እናት የዋህ አልነበረችም። የአገሯን ሕግና ልማድ ነው የተናገረችው። ልጁ የገባበት አገር ሕግ ግን ዝምድናውን ከሥሩ ይነቅለዋል። እዚያ የግዛት ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ድጋሚ ሲያጸድቅለት አዲስ ሰርተፊኬት ያገኛል፤ የትውልድ ቦታ ኢትዮጵያ፣ ወላጆች ደግሞ አሜሪካውያኑ። የአባቱ ስም ከስሙ ቀጥሎ ከነበረበት ቦታ ይጠፋል። አያቱም አብሮ።

ለእነዚህ ልጆች ችግሩ የታሸገ ፖስታ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በነሐሴ 2016 ነው፤ አብዛኞቹ ሲወለዱ የጻፋቸው የለም። የተጻፈው ወረቀት የተዘጋጀው ለጉዲፈቻው ሲባል ነው፣ በችኮላ፣ አንዳንዴም በሐሰት። በሕይወት ያለች እናት "ሞታለች" ተብላ የተመዘገበችባቸውን ጉዳዮች ጋዜጠኞች ደጋግመው ዘግበዋል፤ ካትሪን ጆይስ በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥታለች። በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የአንድ ጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞችን ከሰሰ። ከክሱ አንዱ ልጆቹ ኖረውበት በማያውቁት ማሳደጊያ ስም ውል ማስፈረም ነበር። ጆርጂያ ታን ብታየው አትደነቅም።

የ2010 ሕጻናት ዛሬ ወደ ሃያዎቹ እየገቡ ነው፤ ቀደም ያሉት ልጅ ወልደዋል። ፈላጊው በእጁ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአማርኛ የጻፈው፣ እሱ ማንበብ የማይችለው ውሳኔ ነው። ውሳኔው የቀበሌ ስም ይጠቅሳል፤ ቀበሌው በወረዳ ተውጧል። የማሳደጊያ ስም ይጠቅሳል፤ ብዙዎቹ ማሳደጊያዎች ከ2011 በኋላ ተዘግተዋል። የቀረው ፋይል በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያና በቀድሞ ሠራተኞች ቤት ነው። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር እነዚህን ፋይሎች ከፍርድ ቤቱ ቅጂ ጋር በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለባለቤቶቻቸው ለመክፈት አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም፤ አንቀጽ 36 እና 183 በእጁ አሉ። የሚያስፈልገው ወረቀቱን አይጥ ሳይበላው፣ የሚያስታውሱት ሰዎችም ሳይሞቱ መጀመር ነው።